መልስ፦ «ዴርዝ» ከውድነት የመጣ ቃል ነው

ወንድሜ፣ «ዴርዝ» (dearth) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ምን ማለት ነው፣ ከየትስ መጣ ብለህ ጠይቀሃል። እጥረት ማለት ነው። የሐኪም፣ የመረጃ፣ የመጽሐፍ እጥረት ሲባል ይገባል። ያው እጥረት ማለት የሆነው «ሾርቴጅ» (shortage) በየቀኑ ንግግር የተለመደ ነው፤ ይሄኛው በጽሑፍ ይበዛል።

ደስ የሚለው ግን ምንጩ ነው። የወጣው «ዲር» (dear) ከሚለው ቃል ነው። ዲር ልክ እንደኛ «ውድ» ሁለት ፊት አለው፤ የምትወደው ሰውም ዲር ነው፣ ዋጋው የናረ ዕቃም ዲር ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «ዝ» ቅጽሉን ስም ያደርገዋል፤ «ዎርም» ሙቅ፣ «ዎርምዝ» ሙቀት እንደሚባለው። ስለዚህ ዴርዝ በቁሙ «ውድነት» ነው።

እናቴ እዚህ ጎንደር ከቅዳሜ ገበያ ግማሽ ዘንቢል ይዛ ስትመለስ «ሽንኩርት ተወዷል» ትላለች። ከገበያ የጠፋ ነገር ይወደዳል፤ የተወደደም ለድሃ እንደጠፋ ነው። እንግሊዞቹም በዚሁ መንገድ ነው የሄዱት። በ13ኛው መቶ ዘመን አካባቢ ቃሉ የእህል መጥፋትንና ረሃብን ያመለክት ነበር፤ ለሌላ ነገር የዋለው በኋላ ነው።

ስትጽፍ ከፊቱ «ኤ»፣ ከኋላው «ኦፍ» አድርግ (a dearth of)።