ጓደኛዬ ተጋበዘች፣ እኔ ቀረሁ

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። እኔና ጓደኛዬ ግጥም እንጽፋለን፤ አመሻሽ ላይ ጣና ዳር ቁጭ ብለን እንነባበባለን። አሁን ለአንድ የግጥም ምሽት እሷ ብቻ ተጋበዘች። ቅር አለኝ። የካሪቢያን ጥቁር ሴት ገጣሚያን ይደጋገፋሉ ሲባል እሰማለሁ፣ እንዴት ቻሉበት?

መልስ፦ እህቴ፣ ቅር ስላለሽ ክፉ ጓደኛ አይደለሽም። ስለ ጥቁሯ ገጣሚ ኦድሪ ሎርድ ልንገርሽ። ወላጆቿ ከካሪቢያን ደሴቶች ኒው ዮርክ የገቡ ስደተኞች ናቸው። በ1974 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ከጥቁር አሜሪካዊቷ አሊስ ዎከርና ከነጯ አድሪያን ሪች ጋር ታጨች። ሦስቱ ቀድመው ተመካከሩና ማናችንም ብናሸንፍ በሴቶች ሁሉ ስም እንቀበላለን ተባባሉ። ሪች አሸነፈች፣ መድረክ ላይም የጋራ መግለጫቸውን አነበበች። ልብ በይ፣ የተስማሙት ውጤቱ ሳይታወቅ ነው! እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ካሸነፉ በኋላ ቸር መሆን ብዙም አይከብድም።

ለእኛ ቅርብ የሆነችው ደግሞ ጃማይካዊቷ ገጣሚ ኡና ማርሰን ናት። በጣልያን ወረራ ጊዜ ለንደን ውስጥ የጃንሆይ ጸሐፊ ነበረች። በ1943 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ ላይ የካሪቢያን ጸሐፊዎች ሥራ የሚነበብበት ፕሮግራም ጀመረች፤ ማይክሮፎኑን ለራሷ ብቻ አላስቀረችውም።

አንቺም ቅር እንዳለሽ ለጓደኛሽ በግልጽ ንገሪያት፣ አታኩርፊ። አዘጋጆቹ እሺ ካሉ ያንቺን አንድ ግጥም ስምሽን ጠርታ እንድታነብልሽ ጠይቂያት። ከዚያ ቀጣዩ ግብዣ ለማንኛችሁም ቢመጣ ሌላዋን ይዛ እንድትገባ ከአሁኑ ተስማሙ።