ሱፐር ግሉ ያነጣውን የአውሮፕላን መስኮት ስለማዳን

የሐረሩ ወንድማችን የዲሲ-3 አውሮፕላን ሞዴል በ1/72 (ከእውነተኛው 72 ጊዜ አሳንሶ) እየሠራ የጎን መስኮቶቹ ጠፍተውበታል። ከጥርት ያለ ፕላስቲክ የተሠራውን የፊት መስታወቱን ደግሞ በሱፐር ግሉ ለጥፎት ሲነጋ ጉም የለበሰ መስሎ አገኘው። "ልጣለው ወይስ ይድናል?" ብሎ ጠይቋል።

ኧረ እንዳትጥለው! እኔም እዚህ ድሬ የመጀመሪያ አውሮፕላኔን እንዲሁ አድርጌያለሁ። አቧራ እንዳይነካው ብዬ ካርቶን ውስጥ ዘግቼ አሳደርኩት፤ የባሰውም በመዝጋቴ ነው። የሱፐር ግሉ ትነት ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ይደርቅና አጠገቡ ባለው ነገር ላይ ነጭ ዱቄት ሆኖ ያርፋል። መውጫ ካጣ የሚያርፈው መስታወቱ ላይ ነው።

ደግነቱ ንጣቱ ላይ ላዩን ብቻ ነው። መስታወቱን ቀስ ብለህ አላቀውና ቁጥር 2000 ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካህ እሸው። መጀመሪያ ይብስበታል፤ አትደንግጥ። ከዚያ ጥጥ ላይ የጥርስ ሳሙና አድርገህ እስኪጠራ ድረስ ደጋግመህ ጥረገው። አሴቶን ግን በፍጹም፤ ፕላስቲኩን ራሱን ያሟሟዋል።

ሲላቀቅ ከተሰነጠቀ አዲስ ሥራለት። እውነቱን ለመናገር እኔ አሁን ደህናውንም አውጥቼ በራሴ ነው የምተካው። ምክንያቱን አስላው፦ በ1/72 አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ማለት በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 7.2 ሴንቲ ሜትር ነው። ከሞዴሉ ጋር በካርቶኑ የሚመጣው መስታወት ወፍራም ስለሆነ ከኋላው ያለውን ያጣምመዋል፣ የአብራሪዎቹ ክፍል አይታይም።

የምሠራው ከለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ሃይላንዱ ስስና ባለ መስመር ስለሆነ አይመቸኝም፤ የለስላሳው ጎኑ ልሙጥ ነው። የመስታወቱን ቅርጽ ከወይራ እንጨት ቅረጽ፤ ከትክክለኛው መጠን በፕላስቲኩ ውፍረት ያህል ይነስ። እዚህ ላይ አትቸኩል። እንጨቱ ላይ የቀረች ጭረት ሁሉ ፕላስቲኩ ላይ ትታተማለች፤ ስለዚህ ጥፍርህን ስታሳልፍበት ምንም እስከማይሰማህ ድረስ አለስልሰው። የጠርሙሱን ቂጥ ቆርጠህ ቅርጹን ከውስጥ አስገባና በሌላ እንጨት ወጥረው። ከዚያ መስኮት ከፍተህ ከኤሌክትሪክ ምድጃ በላይ፣ ሳታስነካ፣ እያዞርክ አሙቀው። ፕላስቲኩ ይኮማተርና እንጨቱን ጥብቅ አድርጎ ያቅፋል። ያኔ ወዲያው አንሣው፤ ከልክ በላይ ከሞቀ እሱም ይነጣል፣ ያ ንጣት ደግሞ አይለቅም። ሻማ ጥላሸት ያመጣል፣ ይበሳዋልም። ሲቀዘቅዝ በአዲስ ምላጭ በስሱ ደጋግመህ ቁረጠው። እኔ ሦስት አበላሽቼ ነው አራተኛው የሆነልኝ፤ ጠርሙሱ እንደሆነ ሞልቷል።

የሞዴል ማጣበቂያ ይህን ፕላስቲክ ስለማያሟሟው አይዝልህም። በእንጨት ሠሪዎች ነጭ ኮላ ለጥፈው።

ለጎን መስኮቶቹም ያው ኮላ ይበቃል። ስቴኪኒ ኮላ ውስጥ ነክረህ የመስኮቱን ጠርዝ ዙሪያ አስነካው፤ ከዚያ ስቴኪኒውን አጋድመህ ወደ ማዶው ጠርዝ ሳበው። እንደ ሳሙና አረፋ ስስ ሽፋን ይዘረጋል፤ ነጭ ቢመስልም ሲደርቅ ይጠራል። ከአምስት ሚሊ ሜትር በላይ ለሆነ ቀዳዳ ግን ወደ ውስጥ ስለሚሰረጉድ ከፕላስቲክ ቆርጠህ ግጠምለት። እዚህ ድሬ በቀን ሙቀት ኮላው ሳይዘረጋ ቆዳ ያወጣል፤ እኔ ፀሐይ ሳይበረታ፣ የደቻቱ አቧራ ሳይነሣ በማለዳ ነው የምሠራው። እናንተ ሐረር አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ጊዜ ታገኛለህ።

ቅደም ተከተሉን አታዛባ። የፊት መስታወቱ ከቀለም በፊት ይገጠምና በፕላስተር ይሸፈናል። የኮላ መስኮቶቹ ግን ቀለሙም የማያብረቀርቀው ቫርኒሽም ካለቁ በኋላ ይሁኑ፤ ቫርኒሹ ካገኛቸው ይደበዝዛሉ። ከዚያ ወዲያ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጋቸው፤ ኮላ ውሃ ሲነካው ተመልሶ ይነጣል። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አራግፈው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በዲሲ-3 ወታደራዊ ወንድም በሲ-47 ነው። ይህን አውሮፕላን መስኮቱ ታውሮ መደርደሪያ ላይ ሳየው ልቤ አይችልም። የኔ የወይራ ቅርጽ እስካሁን አለ፤ የአፍንጫውን ስፋት ለክተህ ጻፍልኝ፣ ከገጠመ ወደ ሐረር በሚመጣ ሰው እልክልሃለሁ።