ከኮሮና በኋላ ለሚደነዝዛችሁና እግር ለሚጎተትባችሁ፦ የዛሬ ማታ ጥያቄና መልስ

ሰላም ጅማዎች፣ ባለፈው እንዳልኳችሁ ዛሬ ማታ እስከ አራት ሰዓት አለሁ። ዶክተር አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ከኮሮና የተረፈ ሰው ሳራምድ ነው የከረምኩት። ከመጀመራችን በፊት አንዲት ነገር፦ ድካሙ ከሁለቱም እግሩ ተነስቶ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ እየወጣ ያለ ሰው ካለ እኔን አይጠይቅ፣ ባጃጅ ይዞ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

የአጂፑ ልጅ፦ ዶክተር እኔ ይደነዝዘኛል ምን ይሻለኛል

ዶክተር አይደለሁም። ምንህ ነው የሚደነዝዝህ? እጅ ነው እግር? አንዱ ነው ሁለቱም? ከመቼ ጀምሮ? ይሄን ጽፈህ ተመለስ።

ፋጤ፦ አባቴ ኮሮና ይዞት ሶስት ሳምንት ኦክስጅን ላይ ነበር፣ በደረቱ ሁሉ ያስተኙት ነበር። ሲወጣ አጥንቱ ነው የቀረው። አሁን አራት ወሩ ነው፣ ሳንባው ደህና ነው ግን ቀኝ እግሩ ይጎተታል፣ ነጠላ ጫማው መንገድ ላይ ወልቆ ሲቀር እንኳን አያውቅም። ኮሮናው ጭንቅላቱን ነክቶት ነው?

እሰይ፣ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ጭንቅላቱ አይመስለኝም እህቴ። ጉልበትሽን በውጭ በኩል ከስሩ ዳሰስ አድርጊው፣ አንዲት ጉብ ያለች አጥንት አለች አይደል? እግር ወደ ላይ የሚያነሳው ነርቭ እሷ ላይ ተጠምጥሞ ነው የሚያልፈው፣ ከቆዳና ከትንሽ ስብ በቀር መከታ የለውም። ሰው ሲከሳ ያቺ ስብ ትቀልጣለች፣ ነርቩ አጥንትና አልጋ መሃል ይቀራል። በደረት ማስተኛቱ ነፍስ አድኗል፣ እሱን አልወቅስም፣ ግን ሰዓታት ሲቆይ ትከሻም ክርንም ጉልበትም ላይ ነርቭ ይጫናል።

ደግሞ ቤት ከገባ በኋላ የሚመጣው አለ፣ እሱን ማንም አይነግራችሁም። በሽተኞቼን ሁሉ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፣ "ከተነሳህ በኋላ በርጫ ተቀምጠሃል?" እያፈሩ አዎ ይላሉ። ፍራሽ ላይ እግር አጣጥፎ አራት ሰዓት! ጫቱን አይደለም የምከሰው (በጫቱ ሌላ ቀን እንጣላለን)፣ አቀማመጡን ነው። ከስቶ የተነሳ ሰው እግር አያጣጥፍ፣ እግር በእግር ላይ አይጫን፣ ቁጢጥ ብሎ ብዙ አይቆይ።

ይመለሳል ወይ ላልሽው፣ ነርቭን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ አስቢው። የተጎዳው ላስቲኩ ብቻ ከሆነ በሳምንታት ወይ በሁለት ሶስት ወር ይመለሳል። ውስጡ ያለው ሽቦ ከተበጠሰ ግን በቀን 1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው የሚያድገው፣ 30 ሳንቲሜትር ለመሄድ አስር ወር ማለት ነው። ስለዚህ አራት ወር ብዙ አይደለም፣ ግን ዝም ብሎ መቀመጫም አይደለም፦ የነርቭ ምርመራ የሚሰራበት ቦታ ውሰጂው፣ እግሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ይደረግለት፣ ቁርጭምጭሚቱን በቀን ሶስት አራት ጊዜ ወደ ላይ ሳቢለት፣ አለዚያ ነርቩ ሲመለስ ጅማቱ አጥሮ ይጠብቀዋል። እና እባካችሁ፣ የደነዘዘ እግር ሙቅ ውሃ ውስጥ አይነከር፣ ቡና ሲፈላ ከሰሉ ጋ አይጠጋ። ተረከዙ ተጠብሶ ሽታው ነው የነገረኝ ያለ ሰው አይቻለሁ።

ሀያት፦ እናቴ ወጌሻ አሽቷት በሶስት ቀን ነው የዳነችው ወላሂ

ባለባጃጁ፦ ይሄ ሁሉ ምች ነው። ዳማከሴ ጨምቆ መቀባት ነው

መምህሩ፦ ዳማከሴ ለነርቭ? ቀጥሎ ኮሮና ራሱ የለም ትለናለህ

ባለባጃጁ፦ እኔ ጉንፋን መስሎኝ ሰርቼበታለሁ፣ አንተ ቤትህ ተቆልፈህ ደሞዝ ስትበላ

ሀያት፦ ኧረ ወጌሻውን ነው ያልኩት ምን አጣላችሁ

ጨረሳችሁ? በሶስት ቀን የዳነው ሳይታሽም በሶስት ቀን ይድን ነበር። ወጌሻ ለወለምታ እሺ፣ የተጫነ ነርቭ ላይ ግን በቅቤም ይሁን በምን ደግሞ መጫን አይገባኝም።

ነጋዴዋ፦ ፋርማሲ የቢ ኮምፕሌክስ መርፌ ውጊ አሉኝ፣ ልወጋ?

ቢ12 ካነሰሽ ይጠቅማል፣ ለስኳር ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ላይ ሊያንስ ይችላል። ካላነሰሽ ውሃ ነው። ቢ6 ደግሞ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል።

ሄርማታ፦ ሽታ አልመለስልህ ብሎኛል

የአፍንጫ ሐኪም ጠይቅ።

ነጋዴዋ፦ እና ዲክሎፌናክስ?

ለነርቭ ህመም ብዙም አይረባም። የነርቭ ሌላ ነው፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲን፣ ሐኪም ይዘዝልሽ።

መምህሩ፦ ክትባቱስ ሽባ ያደርጋል የሚሉት?

አስትራዜኔካና ጆንሰን የሚባሉትን ከተከተቡት በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ እግርና እጅ የሚያደክም የነርቭ በሽታ ታይቷል። በዚህ ክርክር አልገባም።

የሰቃው፦ ወንድሜ ኮሮና ከለቀቀው ሁለት ሳምንቱ ነው፣ ከትላንት ወዲያ ሁለት እግሩ ከዳው፣ ዛሬ ብርጭቆ ማንሳትም አቃተው። ጠዋት ላምጣው?

ጠዋት አይደለም፣ አሁን! መጀመሪያ ምን ብዬ ነበር? በአንድ ትንፋሽ እስከ 20 መቁጠር ካቃተው ደግሞ የመተንፈሻ ጡንቻው እየደከመ ነው። ጊያን ባሬ ይሉታል፣ በፈረንጆቹ ከ1916 ጀምሮ የሚታወቅ ነው፣ ተቅማጥም ጉንፋንም ያመጣዋል፣ የሰውነት መከላከያ ጀርሙን ትቶ የራሱን ነርቭ ሲመታ ነው። እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ አይረዳውም፣ ሌላ መድኃኒት አለው፣ ቶሎ ሲጀመር ነው የሚሰራው፣ እስከዚያ ትንፋሹን የሚከታተል ሰው ያስፈልገዋል። አብዛኛው ሰው በወራት ውስጥ ተመልሶ ይሄዳል። በል ስልኩን ዝጋና መኪና ፈልግ።

የሰቃው፦ የጎረቤት ፒክአፕ አገኘን፣ እየወጣን ነው

ደግፋችሁ ቀና አድርጋችሁ አምጡት፣ ውሃም ምግብም በአፉ አትስጡት።

የአጂፑ ልጅ፦ ሁለቱም እግሬ ነው፣ ከጣቶቼ ጀምሮ፣ ማታ ማታ ያቃጥላል። ካገገምኩ ስድስት ወሬ ነው። ውሃም ይጠማኛል

ይሄው፣ ስትጽፈው መጣ! ይሄ የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል። ሆስፒታል ተኝተህ ከነበረ ለኮሮናው ዴክሳሜታዞን ወስደሃል አይደል? እሱ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ተደብቆ የነበረውንም ያወጣዋል። ስኳርህን ተለክተህ ታውቃለህ?

የአጂፑ ልጅ፦ አላውቅም ዶክተር

ነገ ጠዋት ሳትበላ ሄደህ ተለካ። ዶክተር አይደለሁም።