ትከሻ ወልቆ ብብት ካበጠ የአንጓ ትርታ አያዘናጋን

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ላላዩ ባጭሩ ልድገመው። ዕድሜያቸው ወደ 70 የሚጠጋ እናት ወድቀው ቀኝ ትከሻቸው ወለቀ። ቤተሰብ መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ወስዷቸው ክንዳቸው ተጎትቷል። እናንተ ጋ ሲደርሱ ትከሻውን መለሳችሁት። አሁን የአንጓቸው ትርታ ይዳሰሳል፣ ጣቶቻቸው ግን ደንዝዘዋል፣ ብብታቸውም እያበጠ ነው። «ነርቭ ነው ብለን እስከ ነገ ብንጠብቅስ?» ብለሃል።

አትጠብቅ። አሁኑኑ ደም ስር መጠገን ወደሚችል ሆስፒታል ደውልና ላካቸው። ቀሪውን አምቡላንሱ ከወጣ በኋላ አንብበው።

ትከሻው የወለቀ ሰው ብብቱ እያበጠ ሲሄድ እኔ ቀድሜ የማስበው አክሲላሪ አርተሪን ነው። ይህ ደም ወሳጅ ከመጀመሪያው የጎድን አጥንት ጠርዝ ተነስቶ በብብት ያልፍና ከቴሬስ ሜጀር ጡንቻ በታች ስሙን ቀይሮ ብራኪያል ይሆናል። ፔክቶራሊስ ማይነር የተባለው የደረት ጡንቻ ከፊቱ ተሻግሮ ለሦስት ይከፍለዋል። ውልቃት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ሦስተኛው ክፍል ነው። ምክንያቱም እዚያ ሰብስካፑላርና ሁለቱ ሰርከምፍሌክስ ቅርንጫፎች ይዘውታል፣ ከላይ ደግሞ ጡንቻው ተጭኖታል፤ ስለዚህ የክንድ አጥንቱ ራስ ወደፊት ሲገፋው የሚሸሽበት ቦታ የለውም። የወጣት ደም ስር ይለጠጣል። የአዛውንት ግን እንደ አሮጌ የጎማ ቱቦ ደርቋልና ይሰነጠቃል።

ታዲያ ትርታው ለምን ይዳሰሳል? በትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት ዙሪያ ከሰብክሌቪያን (ከአክሲላሪ በፊት ካለው ደም ወሳጅ) የሚመጡ ቅርንጫፎች ከአክሲላሪ ቅርንጫፎች ጋር ይገናኛሉ። ዋናው መንገድ ቢዘጋ እንኳ በጎን ዞሮ የሚደርስ ደም አለ። ለአንጓ ትርታ ይበቃ ይሆናል። እጅን ለማትረፍ ግን አትመነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አክሲላሪ አርተሪያቸው ከተጎዳ የአሜሪካ ወታደሮች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት እጃቸውን አጥተዋል። ያኔ ደም ስሩን ከመጠገን ይልቅ ማሰር ነበር የተለመደው።

ክልል ሆስፒታል ስሠራ ከበቅሎ የወደቁ አባት መጡ። ትከሻቸው ተመልሷል፣ ትርታቸውም አለ። ሁለቱንም አንጓ በአንድ ጊዜ ስይዝ ግን የተጎዳው ደከም ብሎ ተሰማኝ። ግፊቱን በሁለቱም ክንድ ለካን፣ ልዩነቱ ሰፊ ነበር። ከደረቱ ጡንቻ በታች ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ነርሷ የእብጠቱን ዳር በእስክሪብቶ አሰመረች። ብዙም ሳይቆይ እብጠቱ መስመሩን አልፎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ማንም «ነርቭ ነው» አላለም። ይቺን የእስክሪብቶ ነገር ሁላችሁም ልመዱልኝ፤ ምንም ወጪ የላትም፣ ማታ ተረኛ ሲቀየርም ትመሰክራለች።

ስንከፍት በቀጥታ ወደ እብጠቱ አልገባንም። ከክላቪክል (ከአንገት ሥር ካለው አግድም አጥንት) በታች ገብተን፣ ፔክቶራሊስ ማይነርን ቆርጠን፣ ደም ወሳጁን ከጉዳቱ በላይ ያዝነው። ከዚያ በኋላ ነው የረጋውን ደም ያወጣነው። ሰብስካፑላር የሚነሳበት ቦታ ተቀዷል። ከእግር ሳፊነስ የሚባለውን ደም መላሽ ወስደን ተካንበት። ጣታቸው እዚያው ሞቀ፤ ድንዛዜው ግን ለመልቀቅ ወራት ፈጀ። ወደ ክንድ የሚወርዱት የብራኪያል ፕሌክሰስ ነርቮች ደም ወሳጁን ከበውት ነው የሚሄዱት፤ የተጠራቀመ ደም ሲጫናቸው ይደነዝዛሉ፣ ቶሎ ካልተነሳላቸውም ላይመለሱ ይችላሉ። የአንተ ታማሚ ድንዛዜ ነርቭ ነው ብትል እውነትህን ሊሆን ይችላል፣ ግን ነርቩን ያስጨነቀው ደሙ ይሆናል።

እስኪላኩ ድረስ የደም ግፊት በሁለቱም ክንድ ለካ። የተጎዳው ክንድ ሲስቶሊክ (የላይኛው ቁጥር) ለጤነኛው ተካፍሎ ከ0.9 ካነሰ ጥርጣሬህ ከባድ ነው። ግፊታቸው ካልወረደና ሲቲ አንጂዮግራፊ (የደም ስር ምስል) ተቀባዩ ጋ ካለ እዚያ ይነሳሉ፤ እናንተ ጋ አልትራሳውንድ ፍለጋ ሰዓት አታባክን። የደምና የፈሳሽ መስጫ መስመሩን በጤነኛው ክንድ ክፈት፣ ደም አዘጋጅ። እብጠቱ እየጨመረ ሳለ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መድኃኒት) በራስህ እንዳትጀምር። ለሌሎቻችሁም፦ የብብት ቁስል በጩቤ ሆኖ ደም ከፈሰሰ በጣትና በጋውዝ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ቱርኒኬት (ደም ማቆሚያ ማሰሪያ) እዚያ አይይዝም። በጭፍን ክላምፕ (የደም ስር መቆንጠጫ) መክተት ደግሞ ነርቩን መቆንጠጥ ነው፣ እባካችሁ አታድርጉት።

«ይህን ያህል አስቸጋሪ ከሆነ የልብ ቀዶ ሐኪሞች ለምን ይመርጡታል?» ያልከው ጥሩ ጥያቄ ነው። እነሱ የሚፈልጉት ከላይ ያለውን ጤነኛውን ክፍል ነው። አኦርታ (ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ወሳጅ) ሲሰነጠቅ ወይም ቅስቱ ሲቀየር የቀኙን አክሲላሪ ከክላቪክል በታች ያገኙትና ብዙ ጊዜ 8 ሚሊሜትር የሚሆን ሰው ሠራሽ ቱቦ ጎኑ ላይ ይሰፋሉ። ከልብና ሳንባ ማሽኑ የሚመጣው ደም በዚያ ይገባል። ቅስቱ ተከፍቶ የሰውነቱ ዝውውር ሲቆም በዚያው መንገድ በቀኝ ካሮቲድ (በአንገቱ ደም ወሳጅ) አድርጎ አንጎልን ይመግባል። ስብ የሚጋገርበትም ከአኦርታና ከእግር ደም ስሮች ያነሰ ነው። የሆድ ቀዶ ጥገና የማይችሉ ሰዎች እግራቸው ደም ሲያጣም ከአክሲላሪ እስከ ብሽሽት ከቆዳ ሥር ቱቦ ይዘረጋላቸዋል። እዚያም የሚሰፋው የመጀመሪያው ክፍል ላይ ነው፤ ክንድ ሲነሳ ያን ያህል አይጎተትማ።

ሪፈር ወረቀቱ ላይ የወደቁበትን ሰዓት፣ ወጌሻው የጎተተበትን ሰዓት፣ ትከሻው የተመለሰበትን ሰዓት ለያይተህ ጻፍ። ደም ያጣ ጡንቻ 6 ሰዓት ካለፈው አደጋው ይከፋል፣ ተቀባዩ ሐኪም ፋሺዮቶሚ (ያበጠ ጡንቻ እንዲተነፍስ ሽፋኑን መክፈት) ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነው ከዚያ ተነስቶ ነው። የሁለቱን ክንድ ግፊትና የትኞቹ ጣቶች እንደደነዘዙም ጨምር። ሲደርሱ ምን እንዳገኙ እዚሁ ጻፍልን።