«ግማሹ ጦጣ፣ ግማሹ ዓሣ» ስለሚባለው የደረቀ ሜርሜይድ

ወንድማችን በእንግሊዝ አገር ለጨረታ ከቀረቡ አሮጌ ዕቃዎች መካከል በመስታወት ሣጥን የተቀመጠ የደረቀ ሜርሜይድ (ከወገቡ በላይ ሰው፣ ከወገቡ በታች ዓሣ ነው የሚባለው የተረት ፍጡር) ማየታቸውን ገልጸው፣ ሻጩ እንደሚለው በእርግጥ ከጦጣና ከዓሣ የተሰፋ መሆኑን፣ ሐሰተኛ ከሆነስ ገንዘብ ሊወጣበት ይገባ እንደሆነ ጠይቀዋል። አሮጌ ዕቃ በምጠግንበት ጊዜ ሁለት እንዲህ ያሉ በእጄ ስላለፉ ያየሁትን ልናገር።

በመጀመሪያ ነገር «ግማሹ ጦጣ» የሚለውን ቃል አይመኑት። ለንደን በሚገኘው ሆርኒማን ሙዚየም «ጦጣ-ዓሣ» ሲባል የኖረው በራጅና በሲቲ ስካን ሲመረመር አንድም የጦጣ አጥንት አልተገኘበትም፤ እንጨት፣ ሽቦ፣ ሸክላ፣ ወረቀትና የዓሣ አካል ነበር። በጃፓን ኦካያማ፣ በኤንጁኢን ቤተ መቅደስ ተከብሮ የኖረውና 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝመውም፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው ምርመራ አከርካሪ የሌለው፣ በወረቀት፣ በጨርቅና በጥጥ ተሞልቶ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተሠራ መሆኑ ታውቋል።

ጦጣ መሰል አካል የገባባቸውም አሉ። የመርከብ አዛዡ ካፒቴን ሳሙኤል ኢድስ ባታቪያ (የዛሬዋ ጃካርታ) ላይ ገዝቶ በ1822 እ.ኤ.አ. ለንደን ያደረሰውን የአካል አጥኚው ዊልያም ክሊፍት ሲመረምረው የራስ ቅሉን ኦራንጉታን የሚባለው ትልቅ ዝንጀሮ መሰል እንስሳ ሆኖ አግኝቶታል። ካፒቴኑ ለግዢው ሲል ድርሻው አንድ ስምንተኛ ብቻ የነበረውን መርከብ በሙሉ ሸጦ ነበርና በዕዳ ተይዞ ብዙ ዓመት ተንገላታ፤ የዚህ ሰው ነገር እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። በ1842 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የትርኢት አቅራቢ ባርነም ኒው ዮርክ ላይ ሕዝብ ያሰለፈበትም ይኸው የካፒቴኑ ሜርሜይድ እንደሆነ ይነገራል።

ስለዚህ ጥርሱን በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። እኔ ያየሁት ሁለተኛው ክራንቻ ከመንጋጋ የማይለይበት፣ መርፌ የመሰሉ ጥርሶች በሁለት ረድፍ የተደረደሩበት ነበር፤ ይህ የዓሣ አፍ እንጂ የጦጣ አይደለም። የመጀመሪያውን ግን አበላሽቼዋለሁ፤ አቧራውን ላነሣ በእርጥብ ጨርቅ ወገቡን ስነካው ከሥሩ ያለው ወረቀት ራሰና ሦስት ቅርፊቶች ጨርቁ ላይ ቀሩ። መልሼ ባጣብቃቸውም ቀድሞ በነበሩበት ሁኔታ አልተቀመጡም። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ እንጂ በሌላ አይንኩት፤ የጥንት እንስሳ አድራቂዎች አርሴኒክ የሚባለውን መርዝ ይጠቀሙ ስለነበር ጓንትም ያድርጉ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የጥንት እጅ ሥራ እስከሆነ ድረስ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚያሠጋው ትናንት ተሠርቶ አሮጌ መስሎ የሚቀርበው ነው። ሻጩን አስፈቅደው ጨለማ ክፍል ውስጥ የአልትራቫዮሌት መብራት ያብሩበት፤ በስንጥቁ በኩል የሚታየው ወረቀት ሰማያዊ ሆኖ ደምቆ ካበራ በዘመናችን የነጣ ወረቀት ነውና ይተዉት።