ሲጠሩ ይሰማል፣ ሲሄዱ ይርቃል

ጥያቄ፦ የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን በኩል በተከፈተ አዲስ ሰፈር ነው። ከአጥራችን ጀርባ ያሉት ጎረቤቶች ሲጠራሩ ይሰማናል፤ እነሱ ጋ ለመድረስ ግን አስፋልት ወጥተን ዞረን ነው። የድሮው ሰፈር ከዚራ እንዲህ አይደለም። ምክንያቱ ምንድን ነው? መፍትሔስ አለው?

መልስ፦ ከዚራ የተቀየሰው በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ፣ እንደ አንድ ሰፈር ታስቦ ነው። አዳዲስ ሰፈሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁራጭ በቁራጭ ይሸነሸናሉ። አንዱ የቤት ሠሪዎች ማኅበር ውስጥ ለውስጥ መንገዱን በአንድ አፍ ብቻ አስፋልት ላይ ያወጣዋል፤ ቀጥሎ የመጣውም እንደዚያው። ቤት ፈርሶ ይሠራል፤ ግራና ቀኙ ካርታ የወጣለት መንገድ ግን እንደተቀየሰ ይኖራል።

መጀመሪያ መንገዶቻችሁ ምን ያህል እንደተያያዙ ለኩ። የሳተላይት ፎቶ ላይ፣ መንገዶች በሚገናኙበትና በሚያልቁበት ሁሉ ነጥብ አድርጉ። በነጥቦቹ መካከል ያሉትን የመንገድ ቁራጮች ቆጥራችሁ ለነጥቦቹ ብዛት አካፍሉ። ዙሪያውን መንገድ ያለው 3 በ3 ብሎክ 16 ነጥብና 24 ቁራጭ ስላለው 1.5 ይሰጣል። እነዚያው 16 ነጥቦች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ቢያያዙ ቁራጩ 15 ብቻ ነው፤ 0.94። ብዙ ባለሙያዎች ከ1.4 በታች ያለውን ደካማ ይሉታል። ተራ መታጠፊያን አትቁጠሩ፦ አንድ ነጥብና አንድ ቁራጭ ስለሚጨምር ውጤቱን ወደ 1 ይጎትተዋል። የተቆለፈ በርም መንገድ አይደለም።

ለእግረኛ ሌላ ልክ አለ፦ የሚሄደውን ርቀት በቀጥታው ርቀት ማካፈል። 200 ሜትር ላይ ያለ ሱቅ ለመድረስ 700 ሜትር የሚያስኬድ ከሆነ 3.5 ነው፤ ከ1.5 ማለፍ አልነበረበትም። የደቻቱን ወንዝ የሚሻገር መንገድ ስትለኩ በድልድይ በኩል ብቻ ቁጠሩ። በበጋ አሸዋው ያሻግራል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ጎርፉ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል።

ካርታ በወጣለት ቦታ ላይ የመኪና መንገድ መክፈት ካሳ ስለሚጠይቅ ይጓተታል። ይልቅ ጀርባ ለጀርባ የሚያልቁ ሁለት መንገዶችን ፈልጉ፤ መሃላቸው ያለው አንድ አጥር ብቻ ከሆነ 3 ሜትር መተላለፊያ ለእግረኛና ለጋሪ ይበቃል። ማመልከቻውን ሁለቱ ሰፈሮች አብራችሁ ፈርሙ፤ የአንድ ወገን ጥያቄ «ሌባ ይገባብናል» በሚል ተቃውሞ ይቀራል።

አጠገባችሁ ገና ያልተሸነሸነ መሬት ካለ ዕድለኞች ናችሁ። በየ100 ሜትሩ ገደማ መንገድ እስከ ወሰኑ ደርሶ ክፍት እንዲቀር፣ ፕላኑ ላይም «መንገድ» ተብሎ እንዲሰፍር ጠይቁ። በቃል ብቻ «ይተውላችኋል» የተባለ ክፍት ቦታ መጀመሪያ የባጃጅ ማቆሚያ፣ ቀጥሎ የቆርቆሮ ሱቅ፣ በመጨረሻም የአንድ ሰው ግቢ ይሆናል።