ጭነትና የኢንዱስትሪ መሬት በድሬዳዋ፦ ጥያቄና መልስ

ብዙዎቻችሁ በተናጠል ስለምትጠይቁኝ ዛሬ በአንድነት ለመመለስ ተቀምጫለሁ። ሙያዬ የከተማ ፕላን ነው፤ የሠራሁትም በአመዛኙ በጭነት መስመሮችና በመጋዘን ቦታዎች ላይ ነው። አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምን፦ ስለ ቦታ የሚጠይቅ ሰው ቦታው የት እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚያስቀምጥበትና ዕቃው በምን እንደሚመጣ ይግለጽ።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ አዲሱ ባቡር ሥራ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ታዲያ ተሳቢዎች አሁንም ከተማችንን የሚያጨናንቁት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የኢትዮ-ጅቡቲ ባቡር መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። ባቡር ግን ዕቃ የሚያደርሰው ከጣቢያ እስከ ጣቢያ እንጂ እስከ ደንበኛው በር አይደለም። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ሲሠራ፣ ነባሮቹ መጋዘኖቻችን ግን የድሮውን ባቡር ተከትለው የተተከሉበት ቦታ ላይ ቀሩ፤ ስለዚህ ኮንቴይነሩ ከባቡር ወርዶ እንደገና መኪና ላይ ይወጣል። ከጅቡቲ እስከ እኛ ያለው 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ደግሞ ለባቡር አጭር ነው፤ በአጭር ርቀት ላይ የመጫኛና የማራገፊያው ወጪ ከተደራረበ ባቡሩ በጉዞው ያተረፈውን ይበላዋል። በድንበሯ ከተማ በደወሌ በኩል የሚመጣ ባለመኪና ግን ወደቡ ላይ አንድ ጊዜ ከጫነ ደንበኛው ደጃፍ እስኪደርስ ዕቃውን አይነካውም።

መፍትሔው ከዋናው መስመር ተገንጥሎ እስከ ፋብሪካው ወይም እስከ መጋዘኑ የሚገባ ቅርንጫፍ ሐዲድ ነው። ለዚህ የሚሆን መሬት ግን እንደልብ አይገኝም። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር የሚሸከም አንድ ፉርጎ ከ13 ሜትር አያንስም፤ 40 ፉርጎዎች ሲቀጣጠሉ ከ500 ሜትር ያልፋሉ። ፉርጎዎች የሚቆሙበት ሐዲድ ቀጥ ያለ መሆን አለበት፤ ተዳፋቱም በ1,000 ሜትር ርዝመት ከሁለት ሜትር ገደማ ባይበልጥ ይመረጣል። ከተማችን ከደቡቡ ተራራ ወደ ሰሜን እያዘቀዘቀች የምትሄድ እንደመሆኗ፣ ከሐዲዱ ጎን እንዲህ ያለ ሜዳ ሲገኝ እንደ ውኃ ጉድጓድ ሊጠበቅ ይገባዋል። ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ስንዴ፣ ማዳበሪያና ይህን የመሰለ ከባድ ነገር የሚያንቀሳቅስ ድርጅት እዚያ ይስፈር። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ ቢተከል የሚጎዳው ነገር የለም። ደጋግሜ የምለው ይህንኑ ነው፦ ከሐዲድ ጎን ያለውን ሜዳ ሐዲድ ለማያስፈልገው ሥራ አትስጡ፤ አንዴ ቤት ከተሠራበት በኋላ በካሣ እንኳ አይመለስም።

ጥያቄ፦ መጋዘን ለመሥራት የት መሬት ብገዛ ያዋጣኛል?

መልስ፦ መሬት በሊዝ ይያዛል እንጂ አይገዛም። የቀረውን ለመመለስ ከላይ የለመንኩትን ሦስት ነገር ንገረኝ።

ጥያቄ፦ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው ነጻ የንግድ ቀጠና ውስጥ የሚገባ ዕቃ ቀረጡ እንዴት ይታሰባል?

መልስ፦ የቀረጥ ጉዳይ ሙያዬ አይደለም፤ ጉምሩክን ጠይቂ፣ እህቴ።

ጥያቄ፦ በከተማው መሐል ያለው የድሮው ባቡር ጣቢያ ለምን የጭነት ማራገፊያ አይሆንም? ቦታው እኮ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ይህ ሐሳብ ፈጽሞ ሊነሣ አይገባውም። ድሬዳዋን የወለዳት ያ ሐዲድ ነው፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ባይደርስ ኖሮ ከተማዋ አትኖርም ነበር። ጣቢያውና የጥገና ክፍሉ ሙዚየም ሆነው ለልጆቻችን መቆየት አለባቸው።

ጠያቂው፦ ቅርስ መሆኑን ማን ካደ? ቅርስም ቢሆን ሲሠራበት ይሻላል። የአባቶቻችን እንጀራ እኮ ከዚያ ግቢ ነው የወጣው።

ሌላ አባል፦ ሥራ ማለት ጣቢያው ያለበትን የከዚራን ሰፈር በተሳቢ መሙላት ከሆነ ይቅርብን።

መልስ፦ ሁለታችሁም ለከተማችሁ ተቆርቁራችሁ ነው፤ ክርክሩ ግን መስመር ስቷል። የድሮው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ሲሆን የአዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ ስለማይሄድ ዕቃውን ጣቢያው ግቢ ማድረስ የሚቻለው በመኪና ብቻ ይሆናል፤ ይህም ተሳቢውን ተመልሶ ከከዚራ ዛፎች ሥር ወዳሉት ጠባብ መንገዶች ማስገባት ነው። አንድ ተሳቢ ወደ መጋዘን በር ወደኋላ ሲገባ ቆማችሁ ተመልከቱ። ረዳቱ ወርዶ ባጃጆቹን በእጁ ያግዳል፤ ሾፌሩ ወደፊት ሄዶ እንደገና ይመለሳል፤ በዚህ መሐል መንገዱ ግራና ቀኙ ይዘጋል። ይህን የሚያደርግ ግቢ ጥፋቱ የሾፌሩ ሳይሆን የፈቃድ ሰጪው ነው፤ መኪናው የሚዞረው በግቢው ውስጥ እንጂ በሕዝብ መንገድ ላይ መሆን የለበትም።

ጥያቄ፦ እኛ ሐረሮች የራሳችን ደረቅ ወደብ ቢኖረን አይሻልም ወይ?

መልስ፦ አይመስለኝም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። የተጫነ ተሳቢ የደንገጎን ዳገት በከባድ ማርሽ እየተጎተተ ሲወጣ፣ ከአወዳይ ትኩስ ጫት ጭኖ የሚቸኩለው አይሱዙ ከላይ ይወርዳል። ያንን መንገድ በኮንቴይነር መሙላት አደጋ መጥራት ነው። ከባዱ ጭነት ድሬዳዋ ላይ ተፈትቶ፣ ለሐረር የሚያስፈልገው በመካከለኛ መኪና ይውጣ። ሐረር የሚያስፈልጋት ከጀጎል ግንብ ራቅ ያለ ማራገፊያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በጀጎል መንገዶች የሚያልፈው ባጃጅና አህያ ብቻ ነውና።

ጥያቄ፦ ፋብሪካ ሲበዛ ውኃችን ምን ይሆናል?

መልስ፦ ስለዚህ የሚጠይቅ አልመጣም ብዬ ስጨነቅ ነበር። ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው፤ የሳቢያን ሰፈር ጉድጓዶች ውኃ በናይትሬት መበከሉም በጥናት የታወቀ ነው። ፍሳሽ የሚለቅ ፋብሪካ ከጉድጓዶቹ በላይ፣ ውኃው በሚሰርግበት ወገን እንዲቆም መፍቀድ የራስን መጠጥ መመረዝ ነው። ሁለተኛው ነገር ጎርፍ ነው። ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ስለሚመስል ዳርቻው ለመጋዘን የሚያጓጓ ባዶ ቦታ ይሆናል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት ከ250 በላይ ሰው የወሰደው ያ ደረቅ አሸዋ ነው። ከወንዝ ዳር መጋዘን አትሥሩ፤ ኬሚካል የሚያስቀምጥ ደግሞ ፈጽሞ አይጠጋ።

ጥያቄ፦ ጥሩ የመጋዘን ቦታ የት ነው?

መልስ፦ ይህ ለሁለተኛ ጊዜ መጠየቁ ነው። ዕቃውን ሳላውቅ «እዚህ ሥራ» ብዬ የሰው ገንዘብ አላባክንም።

የመጀመሪያው ጠያቂ፦ ይቅርታ፣ ኢንጂነር። ሩዝና ዘይት ከጅቡቲ በመኪና አስመጥቼ ለቀፊራና ለመጋላ ነጋዴዎች አከፋፍላለሁ። አሁን ያለሁት በኪራይ ሳቢያን ነው።

መልስ፦ አሁን ተግባባን። ያንተ ዕቃ በትልቁ ገብቶ በትንንሹ የሚወጣ ስለሆነ የሐዲድ ዳር መሬት አያስፈልግህም፤ ለሚያስፈልገው ተውለት። ከደወሌ የሚመጣው መኪና ከተማውን ሳያቋርጥ የሚደርስበትን ዳርቻ ፈልግ፤ ከዚያ እስከ ገበያው በአይሱዙ ሌሊት ወይም በማለዳ አመላልስ። ከመፈረምህ በፊት ቦታው በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይ ለመጋዘን የተመደበ መሆኑን በጽሑፍ አስረጋግጥ፤ በበሩና በመጋዘኑ መካከልም ተሳቢ ተዟዙሮ በፊቱ የሚወጣበት ቦታ መኖሩን በሜትር ለካ።